ለክፉ ቀን የሚሰናዳ የቤት ስንቅ

የናይሮቢ ከተማ ስሟን ያገኘችው ከውሃ ነው። የማሳይ ከብት አርቢዎች በዚያ የሚያልፈውን ወንዝ በቋንቋቸው «ቀዝቃዛ ውሃ» ብለው ይጠሩት ነበርና፣ በ1891 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1899) የባቡር ሐዲድ የሚዘረጉ ሰዎች በረግረጉ ሜዳ ላይ ሠፈር በተከሉ ጊዜ የወንዙ ስም ለከተማይቱ ስም ሆነ። ዛሬ ከአራት ሚሊዮን የሚበልጥ ሕዝብ ይኖርባታል፤ ከዚህም ሕዝብ ብዙው ድኻ ቤቱን የሠራው በናይሮቢ፣ በማታሬና በንጎንግ ወንዞች ዳርቻ ነው። አያሌ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩበት የኢስሊ ሠፈርም ለማታሬ ሸለቆ ጎረቤት ነው።

«ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» የሚለው የአገራችን ምሳሌ በዚህች ከተማ በ2016 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2024) በግልጽ ታየ። በኬንያ ረዥሙ ዝናም የሚጥለው ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው። በዚያ ዓመት ግን ዝናሙ ከልማዱ አልፎ ወረደ። ሚያዝያ 15 ቀን ለ16 አጥቢያ ሌሊት የማታሬ ወንዝ ሞልቶ በዳርቻው በቆርቆሮ የተሠሩትን ቤቶች አጥለቀለቃቸው፤ ከነዋሪዎቹም ብዙዎቹ ጣራ ላይ ወጥተው ርዳታ ለመጠበቅ ተገደዱ። በዚያ የዝናም ወራት በመላው ኬንያ ከ250 የሚበልጥ ሰው ሞተ፤ ከ200,000 የሚበልጥ ሰው ቤቱን ለቀቀ፤ ትምህርት ቤቶች የሚከፈቱበትም ቀን እንዲተላለፍ ሆነ።

በእንዲህ ያለው ሌሊት የሚጠፋው ሀብት ሁሉ አንድ ዐይነት አይደለም። አልጋው፣ ወንበሩና ድስቱ ዋጋቸው ቢከብድም ውለው አድረው ይተካሉ። የልደት ወረቀት፣ የትምህርት ምስክር ወረቀት፣ የመሬት ይዞታ ደብተር፣ የስኳር በሽተኛ በየቀኑ የሚወስደው መድኃኒት፣ ለመጪው ወር የተቀመጠው ዘር ግን ለመተካት ጊዜና ድካም የሚጠይቁ ናቸው። የሚያስደንቀው ነገር ደግሞ እነዚህ ለመተካት የሚያስቸግሩት ነገሮች አብዛኞቹ ትንንሾችና ቀላሎች መሆናቸው ነው። በአንድ ቦርሳ ውስጥ ይገባሉ። ይሁን እንጂ አንዱ በሣጥን፣ አንዱ በፍራሽ ሥር፣ ሌላው በግድግዳ ላይ ተበትኖ ሲቀመጥ በጨለማ ተሰብስቦ አይገኝም። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እንዲሉ፣ ሰው ያን ለመፈለግ ሲል ወይም አንድ ጊዜ ከዳነ በኋላ ለወረቀቱ ወደ ቤት ሲመለስ ሕይወቱን ያጣል።

ስለዚህ ለክፉ ቀን የሚሰናዳው የቤት ስንቅ ዋና ጥቅሙ በውስጡ ያለው ዕቃ ብቻ አይደለም። ቤተሰቡ ወደ ኋላ የሚመለስበትን ምክንያት አስቀድሞ ማስቀረቱ ነው። ቦርሳው በትከሻ ከሆነ እጅ ለልጅና ለሽማግሌ ይተርፋል።

ውሃው ስለ ምን በድንገት ይመጣል?

የናይሮቢ ምዕራብ ወደ ኪኩዩ ደጋ የሚወጣ ከፍተኛ አገር ነው። የናይሮቢ ወንዝ የሚነሣው በኪኩዩ ከተማ አጠገብ ካለው ከኦንዲሪ ረግረግ ነው፤ ማታሬና ንጎንግም ወደ ምሥራቅ እየወረዱ ከርሱ ጋራ ይቀላቀላሉ። በምዕራብ በኩል ያለው አፈር ቀይ ሆኖ ውሃን በደኅና የሚያሰርግ ነው። በምሥራቅና በደቡብ በኩል ያለው ግን የአገራችን ገበሬ በሚገባ የሚያውቀው ጥቁር ዋልካ ነው። ዋልካ በበጋ ይሰነጠቃል፤ የመጀመሪያውን ዝናም በስንጥቁ ይጠጣል፤ ከዚያ በኋላ አብጦ ይገጥምና ውሃው በላዩ ይተኛል። በዚህ ላይ የቆርቆሮው ጣራ፣ የአስፋልቱ መንገድና የሲሚንቶው ግቢ አንዲት ጠብታ እንኳ ወደ ምድር አያሳልፉም። የውሃ መውረጃው ቦይ በጥራጊ ሲደፈን፣ የወንዙም ዳርቻ በቤት ሲጠብ፣ ዝናሙ ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ ወንዙ ይወርዳል።

ከዚህም የተነሣ በቆላ የተኛ ሰው በጣራው ላይ ብዙ ዝናም ሳይሰማ በደጋ የጣለው ዝናም በሌሊት ሊደርስበት ይችላል። ይህ ነገር ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በድሬዳዋ የደቻቱ ወንዝ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ነገር ግን በ1998 ዓ.ም. በሐምሌ ወር መጨረሻ በሐረርጌ ደጋ የጣለው ዝናም በሌሊት ወርዶ ከተማይቱን መታት፤ ከ200 የሚበልጥ ሰውም ሞተ። በሁለቱም ስፍራ የሆነው አንድ ነው፤ ውሃው የመጣው በሌሊት ነው፤ ለመሰናዳት የቀረውም ጊዜ እጅግ አጭር ነበር። ጅብ ከሄደ በኋላ የሚጮኽ ውሻ ለቤቱ እንደማይጠቅም ሁሉ፣ ውሃው ደጅ ከደረሰ በኋላ የሚደረግ መሰናዳትም አይጠቅምም።

ስንቁ ሁለት ክፍል ነው

ብዙ ሰዎች የሚሳሳቱት ሁሉን ነገር በአንድ ላይ ለማከማቸት በማሰባቸው ነው። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ይመዝናል፤ ስለዚህ ሃያ ሊትር የሚይዝ ጀሪካን ተሸክሞ ሕፃን አዝሎ በጎርፍ መካከል መሮጥ አይቻልም። ስለዚህ ስንቁ በሁለት መከፈል አለበት። አንደኛው ቤት ለቅቆ ለሚወጣ ሰው የሚሸከሙት ቦርሳ ነው። ሁለተኛው መንገድ ሲቆረጥ፣ መብራትና የቧንቧ ውሃ ሲጠፋ፣ ነገር ግን ቤቱ ደኅና ሲሆን ቤተሰቡ የሚቆይበት የቤት ክምችት ነው። ለሁለቱም የሚታሰበው ጊዜ ቢያንስ ሦስት ቀን ነው።

በሚሸከሙት ቦርሳ ውስጥ የሚገባው

1ኛ፤ ወረቀት። መታወቂያ፣ የልደትና የጋብቻ ወረቀት፣ የትምህርት ምስክር ወረቀት፣ የልጆች የክትባት ካርድ፣ የቤት ወይም የመሬት ደብተር፣ በውጭ አገር ለሚኖር ሰው ደግሞ ፓስፖርት፣ የመኖሪያ ፈቃድ ወይም የስደተኛነት ወረቀት አንድ ላይ ይሆናሉ። በኬንያ ከነሐሴ 2009 ዓ.ም. ወዲህ ስስ የላስቲክ ከረጢት የተከለከለ ስለ ሆነ፣ ወረቀቱን ክዳኑ አጥብቆ በሚገጥም ሰፊ አፍ ባለው የላስቲክ ዕቃ ውስጥ ማስቀመጥ ይሻላል። የወረቀቶቹን ቅጂ ደግሞ በሌላ ሠፈር፣ ይልቁንም በከፍተኛ ቦታ ለሚኖር ዘመድ መስጠት ታላቅ ጥበብ ነው። የዘመዶችና የጎረቤቶች የስልክ ቁጥር በወረቀት ተጽፎ ይቀመጥ፤ ስልኩ ከጠፋ ወይም ከሞተ በውስጡ ያለው ቁጥር አይገኝምና።

2ኛ፤ ገንዘብ። በኬንያ ኤም ፔሳ የተባለው በስልክ ገንዘብ የመላኪያ ዘዴ ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ ስለ ተስፋፋ፣ ብዙ ሰው በኪሱ ጥሬ ገንዘብ ሳይዝ ይውላል። ነገር ግን ነሐሴ 19 ቀን 2015 ዓ.ም. የመብራት ኀይል በአብዛኛው የኬንያ ክፍል ተቋርጦ ታላቁ የናይሮቢ አውሮፕላን ማረፊያ እንኳ በጨለማ ተውጦ ነበር። ስልክ ሲሞት ገንዘቡም ከስልኩ ጋራ ይተኛል። ስለዚህ ለመጓጓዣና ለምግብ የሚበቃ፣ በትንንሽ ኖት የተዘረዘረ ጥሬ ገንዘብ ከወረቀቶቹ ጋራ ይቀመጥ። ዝርዝር ከሌለው ሰው በችግር ቀን ውሃ የሚሸጥለት መልስ የለውም።

3ኛ፤ መድኃኒት። ለደም ግፊት፣ ለስኳር፣ ለአስምና ይህን ለመሰለው ሁሉ የሚወሰደው መድኃኒት የአንድ ሳምንት ያህል ተለይቶ ይቀመጥ፤ ከማዘዣውም ወረቀት ጋራ ይሁን። ከዚህም ሌላ ፋሻ፣ ጥጥ፣ ፕላስተር፣ የቁስል ማጠቢያ መድኃኒት፣ የሕመም ማስታገሻ ክኒን፣ መቀስና የእጅ ጓንት ይጨመሩ። ከጎርፍ በኋላ የሚመጣው ዋናው ጠላት ተቅማጥ ስለ ሆነ፣ ከመድኃኒት ቤት የሚሸጠውን የሕይወት አድን ንጥረ ነገር ጥቂት ፓኬት መያዝ ይገባል። ይህ ባይገኝ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ውስጥ ስድስት ልክ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጦ ለበሽተኛው ጥቂት በጥቂት ማጠጣት ይቻላል። ጨው መብዛት የለበትም፤ ሕፃን ይጎዳልና። ይህም በሽተኛውን ወደ ሐኪም እስኪያደርሱት የሚረዳ ነው እንጂ ሐኪምን የሚተካ አይደለም።

4ኛ፤ መብራትና ወሬ መስሚያ። የእጅ ባትሪ፣ ትርፍ የባትሪ ድንጋይ፣ በድንጋይ የሚሠራ ትንሽ ራዲዮና የስልክ መሙያ ፓወር ባንክ ያስፈልጋሉ። የባትሪው ድንጋይ በውስጡ ብዙ ጊዜ ሲቆይ እየፈሰሰ ዕቃውን ስለሚያበላሽ፣ ተለይቶ ይቀመጥ። ሻማ ግን በተጨናነቀና በእንጨት በተሠራ ቤት የእሳት ምክንያት ስለ ሆነ የመጨረሻ አማራጭ ነው። ፊሽካም አይረሳ፤ በጣራ ላይ ያለ ሰው ድምፁ ከደከመ በኋላ ፊሽካ ከሩቅ ይሰማል።

5ኛ፤ ምግብ። በዚህ ነገር የአገራችን ሴቶች ሙያ ለዓለም ሁሉ የሚያስተምር ነው። የኬንያ ቤተሰብ የዘወትር ምግቡ ከበቆሎ ዱቄት የሚሠራው ኡጋሊና የበቆሎና የቦሎቄ ንፍሮ ነው፤ ሁለቱም እሳትና ብዙ ውሃ ይፈልጋሉ። የእኛ በሶ ግን ገብሱ አስቀድሞ ተቆልቶ የተፈጨ ስለ ሆነ በቀዝቃዛ ንጹሕ ውሃ ተበጥብጦ ወይም ተጨብጦ ይበላል። ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ጭኮና ድርቆሽም እንደዚሁ እሳት ሳይጠይቁ ለብዙ ቀን ይቆያሉ። አባቶች ለዘመቻና ለሩቅ መንገድ ስንቅ የሰነቁት በዚህ ምክንያት ነው። በናይሮቢ የሚኖር ሰው በሶ ባያገኝ የተቆላ ለውዝና ብስኩት ይተካሉታል። ጨውና በርበሬ የበዛበት ምግብ ጥምን ስለሚያመጣ ውሃ በጠፋበት ቀን አይመረጥም። የሚያጠቡ እናቶች ጡት መስጠትን አያቋርጡ፤ ለሕፃን ከዚህ የበለጠ ንጹሕ ምግብ አይገኝም።

6ኛ፤ ልብስና ንጽሕና። ናይሮቢ ደጋ ስለ ሆነች በዝናም ወራት ሌሊቱ ይበርዳል። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ደረቅ ልብስ፣ ቀላል ብርድ ልብስ ወይም ጋቢ፣ ለዝናም መከላከያ ላስቲክ፣ እግርን ከስብርባሪ ጠርሙስ የሚጠብቅ ጠንካራ ጫማ ይሰናዳ። ሳሙና፣ ለሴቶች ሞዴስ ወይም ንጹሕ ጨርቅ፣ ለሕፃናት የሽንት ጨርቅ አይቅሩ። እነዚህ ነገሮች ብዙ ጊዜ የሚረሱ ናቸው፤ በመጠለያ የገቡ እናቶች ግን ከሁሉ አስቀድመው የሚፈልጓቸው እነርሱን ነው።

በቤት የሚቀመጠው ውሃ

ለመጠጥ፣ ለጥቂት ምግብ መሥሪያና ለእጅ መታጠቢያ ለአንድ ሰው በቀን አራት ሊትር ያህል ውሃ ይታሰባል። አምስት ነፍስ ላለበት ቤተሰብ ለሦስት ቀን 60 ሊትር ይሆናል፤ ይኸውም ሃያ ሃያ ሊትር የሚይዙ ሦስት ጀሪካኖች ማለት ነው። ጀሪካኑ ቀድሞ ዘይት ወይም ውሃ ይያዝበት የነበረ ይሁን እንጂ መርዝ፣ ጋዝ ወይም ማዳበሪያ የነበረበት ፈጽሞ አይሁን፤ ቢታጠብም አይጠራምና። በሳሙና ታጥቦ፣ ክዳኑ ተገጥሞ፣ ፀሐይ በማያገኘው ስፍራ ይቀመጥ፤ በየስድስት ወሩም ይለወጥ።

የቧንቧም ሆነ የጉድጓድ ውሃ ጎርፍ ከነካው በኋላ ሳይነጻ አይጠጣ፤ የሽንት ቤት ጉድጓድ ከርሱ ጋራ ተቀላቅሎ ሊሆን ይችላልና። የማንጻቱ ዘዴ ሁለት ነው። አንደኛው ማፍላት ነው። ናይሮቢ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ያህል ስለ ሆነች፣ ውሃው ከተንፈቀፈቀ በኋላ አንድ ሙሉ ደቂቃ ይበቃዋል። ከ2,000 ሜትር በላይ ባለ ስፍራ ግን፣ እንደ አዲስ አበባና እንደ ደብረ ብርሃን ባለው፣ ሦስት ደቂቃ መፍላት አለበት፤ አገሩ ከፍ ባለ መጠን ውሃ በአነስተኛ ሙቀት ይፈላልና። ሁለተኛው ዘዴ በክሎሪን ማከም ነው። ለዚሁ የተሠራው መድኃኒት በኢትዮጵያ ውሃ አጋር፣ በኬንያ ዋተርጋርድ በሚል ስም ይታወቃል፤ መጠኑም በጠርሙሱ ላይ እንደ ተጻፈው ይሆናል። የደፈረሰ ውሃ አስቀድሞ ተዘቅጦ በንጹሕ ጨርቅ ይጠለል፤ ከዚያ በኋላ መድኃኒቱ ገብቶበት ግማሽ ሰዓት ይቆይ።

ከውሃው ጋራ ክዳን ያለው ባልዲ፣ ገመድ፣ ቢላዋ፣ በጠርሙስ የታሸገ ክብሪትና ጥቂት ከሰል በቤት ይቀመጣሉ። ነገር ግን አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለ። በብርድና በዝናም ጊዜ ከሰል የተያያዘበትን ምድጃ ቤት ዘግቶ ማደር ለሞት ያደርሳል። የከሰሉ መርዝ ሽታና ቀለም የለውም፤ የተኛውን ሰው ሳይነቃ ይወስደዋል። ስለዚህ ከሰል የሚነደው በደጅ ብቻ ነው።

ለገበሬና ለከብት አርቢ

በናይሮቢ ወንዞች ዳርቻ ጎመን የሚዘሩ፣ ላምና ፍየል የሚያረቡ አያሌ ሰዎች አሉ። ረዥሙ ዝናም የሚጀምርበት ወር በቆሎ የሚዘራበት ወር ስለ ሆነ፣ በዚያ ጊዜ ዘሩን ያጣ ሰው የወራቱን እህል አጣ ማለት ነው። ስለዚህ ዘር ሁሉ በአንድ ቦታ አይቀመጥ። ከፊሉ ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ ሆኖ ከማገር ከፍ ብሎ ይንጠልጠል፤ ከፊሉም በደጋ ላለ ዘመድ አደራ ይሰጥ። ሰማይ ባስፈራበት ሌሊት ከብት በጠባብ ገመድ ታስሮ አይደር። ወደ ከፍታ ለመንዳት ጊዜ ከጠፋ ገመዱን መፍታት ወይም መቁረጥ ይሻላል፤ የተፈታ ከብት ራሱን ያድናል፤ የታሰረ ግን በስፍራው ይሰጥማል። የፀረ ተባይ መድኃኒትና ማዳበሪያ ከፍ ባለ መደርደሪያ ይቀመጥ፤ በጎርፍ ከተበተነ የመንደሩን ውሃ ሁሉ ይመርዛልና።

የስንቁ አጠባበቅና የቤተሰቡ ስምምነት

ቦርሳው በበር አጠገብ፣ ከወለል ከፍ ባለ ምስማር ላይ ተንጠልጥሎ ይደር። በሣጥን ተቆልፎ ቁልፉ የሚፈለግ ከሆነ ባይኖር ይሻላል። ቤተሰቡ በብርሃን ቀን ተቀምጦ ይስማማ፤ ማን ቦርሳውን ያነሣል? ማን ሕፃኑን ያዝላል? አያትን ማን ይደግፋል? ሲለያዩስ የት ይገናኛሉ? መገናኛው በከፍታ ያለ ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ ወይም ትምህርት ቤት ቢሆን ለልጆችም ለማስታወስ ይቀላል። ከመውጣት በፊት ወለሉ ደረቅ ከሆነ የመብራቱ ዋና ማጥፊያ ይጥፋ፤ እርጥብ እጅ ግን አይንካው። በሚሮጥ ጎርፍ ውስጥ መሻገር አይገባም። ውሃው ከቁርጭምጭሚት ጥቂት ከፍ ቢል እንኳ ፍጥነቱ ጎልማሳን ሰው ይጥላል።

የርዳታ ቁጥሮች በቦርሳው ላይ ይጻፉ። በኬንያ የአደጋ ጥሪ 999 ወይም 112 ሲሆን የኬንያ ቀይ መስቀል 1199 ነው። በአዲስ አበባ የእሳትና ድንገተኛ አደጋ 939፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው።

ስንቁ በዓመት ሁለት ጊዜ ይፈተሽ። ለናይሮቢ ነዋሪ የሚስማማው ጊዜ በየካቲት ረዥሙ ዝናም ከመግባቱ በፊትና በመስከረም አጭሩ ዝናም ከመጀመሩ በፊት ነው። በአገራችን ደግሞ አንዱ ከበልግ፣ ሁለተኛው ከክረምት በፊት ይሁን። በዚያን ቀን አሮጌው በሶ ይበላ፤ አዲስ ይተካ፤ መድኃኒቱ ጊዜው እንዳላለፈበት ይታይ፤ ላደገው ልጅ ጫማው ይለወጥ።

የቀበሌና የሠፈር ሹማምንትም ድርሻ አላቸው። ዝናም ከመግባቱ በፊት ቦዮችን ማስጠረግ፣ ሕዝቡ የሚሸሽበትን ከፍተኛ ስፍራና መንገዱን አስቀድሞ ማሳወቅ፣ በሌሊት የሚደወለውን ደወል ወይም የሚነፋውን ጥሩምባ መወሰን፣ ረዳት የሌላቸውን አረጋውያንና አካለ ስንኩላን በስም መዝግቦ ለጎረቤት አደራ መስጠት ይገባቸዋል። የአየር ጠባይ መሥሪያ ቤት የሚያወጣው ማስጠንቀቂያ በራዲዮ ቢነገርም፣ በማታሬ ጫፍ ያለችው እናት ካልሰማችው ወይም ሰምታ ወዴት እንደምትሄድ ካላወቀች እንዳልተነገረ ይቆጠራል።

ይህን ሁሉ በአንድ ቀን ለመግዛት የማይችል ሰው ባለው ይጀምር። ዛሬ ወረቀቶቹን ይሰብስብ፤ ይህ ምንም ገንዘብ አያስወጣም። በሚቀጥለው ሳምንት አንድ ጀሪካን ይሙላ፤ በሚከተለው ደግሞ ጥቂት ቆሎ ይቁላ። ዝናሙ ሳይመጣ ቢቀር በሶው ይበላል፤ ውሃው ልብስ ይታጠብበታል፤ ወረቀቱም በቦታው ይገኛል። ዝናሙ ቢመጣ ግን አባወራው ወደ ቤቱ የሚመለስበት ጉዳይ አይኖረውም፤ ልጆቹን ይዞ ወደ ከፍታው ይወጣል።